ዘር የሌለው ሐረግ

ናንአኦ ተራራ፣ ከፏፏቴው ጀርባ፣
ፀሐይ ራሷ እንኳ ጎንበስ ሳትል አትገባ፣
ከዓለቱ ጉንጭ ላይ ተለጥፎ ያለ፣
ጥፍር የማያህል፣ ቅጠል ያልመሰለ፣
እርጥብ ቁራጭ ነገር።
እኔ አይቼው ቢሆን "ሽበት" እለው ነበር፤
የድንጋይ ሽበት፣ አረንጓዴ ሽበት፣
ዓለቱ ሳያረጅ የበቀለበት።

ቺዋስ ዩሚን መጣች፤ ተንበርክካ ፋቀችው።
(ቺዋስ የራሷ ነው፤ ዩሚን የአባቷ ነው፤
ታይዋን ደጋ ላይ፣ በአታያሎች ዘንድ፣
ስም እንደኛው ይሄዳል፣ ልጅና አባት ባንድ መንገድ።)
በሻይ ከረጢት ቋጥራ፣ ማድረቂያ ጠጠር ውስጥ ቀብራ፣
ታይፔ ወረደች በባቡር፣ ጭኗ ላይ አኑራ።

ናይትሮጅን አፍስሳ እንደ በረዶ አደረቀችው፣
ወቀጠች፣ አላመች፣ በሳሙና አጠበችው፤
ከዚያ ማሽኑ ፊደል ሲቆጥር አደረ፤
ኤ፣ ሲ፣ ጂ፣ ቲ ብቻ፣ መላልሶ ቆጠረ።
ሀ የለ፣ ሁ የለ፤ ካዕብ ሣልስ የለ፤
በእነዚያ በአራቱ ስንቱ ተባለ!

ድሮማ በመልክ ነበር ዝምድና፤ ሊቁ ቅጠል ገልጦ፣
የጀርባውን ነቁጥ ቆጥሮ፣ የጠርዙን ጥርስ መርጦ፣
"ከነእገሌ ነህ" ይል ነበር።
መልክ ግን ይዋሻል። ሁለት ባዕድ ባንድ ጥላ ሲኖር
ይመሳሰላል፤ ወንድማማች ተራርቆ ሲከርም
መንገድ ላይ ቢገናኝ ሰላም አይባባልም።
ይሄኛው ደግሞ ለመዋሸት እንኳ መልክ የለው።

የፈርን ነገር ግራ ነው።
አበባ አያውቅም፣ ፍሬም ዘርም የለው፤
በነፋስ ብናኝ ነው የሚባዛው።
ታዲያ ዘር የሌለው ምን የዘር ሐረግ አለው?
እዚህ ጋ ቋንቋዬ ተደናቀፈ።
ሐረጉ ግን አለ፤ ስክሪኑ ላይ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ተጠላለፈ።
ከደሴቲቱ ፈርኖች መሐል
አንድም የቅርብ ዘመድ ታጣ፤
ጫፉ ባሕር ተሻግሮ፣ ደቡብ ወርዶ፣ ሚንዶሮ ላይ ወጣ።

ለካ ሽበት አይደል። ያልጎረመሰ ፈርን ነው፤
ቅጠል ሳይዘረጋ፣ ብናኝ ሳይበትን፣ ልጅ እንዳለ የቀረ፣
ከገላው ቆርሶ ራሱን እየተካ ከዓለት ጋር የኖረ፣
ወላጁን ደጁ ላይ ያላየ፤
ማን ያውቃል፣ በየትኛው አውሎ ነፋስ ከቤቱ የተለየ።

ማታ ለአባቷ ነገረችው።
ዩሚን አንደበቱ ከተያዘ ሁለት ዓመቱ፤ መስማቱንም እንጃ።
የሰማችው መርሊንዳ ናት፣ አስታማሚዋ፣
በሦስት ዓመት ኮንትራት መጥታ፣ ሁለቴ አሳድሳ፣
ሾርባ በማንኪያ ይዛ።

"ሚንዶሮ?" ማንኪያው አየር ላይ ቆመ።
"ያገሬ ልጅ ነዋ!" ሳቀች። "እስቲ ፎቶውን አሳዪኝ፣
ያደገውን፣ የዚያን አገሩን።"
ቺዋስ ስልኳን ዘረጋች፤ ጠባብ ቅጠል፣ እንደ ጥብጣብ የረዘመ።

"ይሄንንማ አውቀዋለሁ! ከትልቅ ዛፍ ግንድ
እንደ ፀጉር ይወርዳል እኮ። ዝናብ ሲያባራ
ልጄ እየጎነጎነች ትጫወትበታለች።"
ትንሽ ቆየች።
"ትጫወትበት ነበር። ዘንድሮ አሥራ አራት ሞላች።"

ስንት ሊቅ፣ ስንት ማሽን፣ ስንት ሌሊት ፊደል ቆጠራ፤
የዚያን ጥፍር የሚያህል ልጅ ወላጅ
በእጇ የነካች ሰው ግን
ወጥ ቤት ውስጥ ነበረች፣ ሾርባ ስታማስል።

"አባቱስ?" አለች መርሊንዳ።
"አይታወቅም" አለች ቺዋስ፤ "የቆጠርነው ፊደል
በእናት በኩል ብቻ ነው የሚተላለፍ።
አባቱን ለማወቅ ሌላ ዘረ-መል፣ ሌላ ገንዘብ፣ ሌላ ዓመት..."

መርሊንዳ ሾርባውን እፍ አለችበት።
የዩሚንን አገጭ በመሐረብ ጠረገች።
"ይበቃል" አለች።